ዝሆን ለዝሆን

ጥርስ ሠሪዋ እንደምትለው፣ ሊፍት ጠጋኙ በፍጻሜው ዕለት ያሸነፋት ልቧን ስለሚያውቅ ነው። ምን እንደምታስብ፣ ያንን ካሰበች በኋላ ሐሳቧን ወዴት እንደምታዞር፣ በመጨረሻም ምን ይዛ እንደምትመጣ አስቀድሞ አውቆ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ጠበቃት። ወራት ሙሉ አብሯት ሲለማመድ የቆየው ለካ ለዚህ ነበር።

ሊፍት ጠጋኙ እንደሚለው ደግሞ፣ ያን ቀን ከቤቱ የወጣው ሊሸነፍ ነው። ምንም አላጠመደም፣ ምንም አልተጠበበም። እሷ በቀላሉ የምትረታውን ካርድ ይዞ ሄደ። የሆነው ግን ሌላ ነው።

ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን የሰማ ሰው አንደኛቸው ይዋሻል ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ሆኖም ሁለቱም አይዋሹም። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ስለ ጨዋታው ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

«ምሽግ» በስልክ የሚጫወቱት የካርድ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ካሉት ብዙ ካርዶች ስምንቱን ብቻ መርጦ አንድ ስብስብ ያዘጋጃል፤ በእነሱ የባላጋራውን ምሽግ ያፈርሳል፣ የራሱን ይከላከላል። ስብስቡ ከጨዋታው በፊት ይቆለፋል። ባላጋራ ምን እንደያዘ የሚታየው ከተገባበት በኋላ ነው። የስብስቡ ዓይነት ብዙ ቢሆንም ሥሩ ሦስት ነው። ዝሆን ከባድና ዝግተኛ ነው፤ የደረሰበትን ይደረምሳል፤ ግን የሚመታው አንድ በአንድ ስለሆነ የንብ መንጋ ከከበበው አለቀለት። ንቦቹን እሳት ባንዴ ይፈጃቸዋል። እሳቱ ደግሞ የዝሆኑን ቆዳ አይበሳም። እንግዲህ ንብ ዝሆንን፣ እሳት ንብን፣ ዝሆን እሳትን ይረታል። የቀረው ሥራ ያኛው ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ መገመት ነው።

የተዋወቁት በተዘጋ በር ነው።

እሷና እናቷ የሚሠሩት በአንድ ያረጀ ሕንጻ የመጨረሻ ፎቅ ላይ ነው። የጥርስ ሐኪሞች የበሽተኛውን አፍ ልክ ወስደው ይልኩላቸዋል፤ እነሱ ጥርሱን በሰም ቀርጸው፣ በሸክላ ዱቄት ለብጠው፣ በምድጃ ጋግረው ይመልሳሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሕንጻው ሊፍት በሁለት ፎቆች መካከል ቆመ። እሷ ውስጥ ነበረች። ጠጋኙ ተጠርቶ መጣና በሩን አንኳኳ።

«ሰው አለ?»

«አለ። ግን አንዴ፣ አሁን አትክፈተው።»

ሰው ተዘግቶበት በር አትክፈቱ ሲል ጠጋኙ ሰምቶ አያውቅም። ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጠፈ። ከውስጥ የሚወጣውን የስልክ ድምፅ ወዲያው ለየው፤ እሱም ምሳውን የሚበላው ያንኑ ጨዋታ እየተጫወተ ነው።

«ንብ ነው የያዝሽው?» አላት።

«አዎ።»

«እሱስ?»

«እሳት።»

«በይ እንግዲህ ልክፈተው፣ እህቴ። አልቆልሻል።»

በሩ ሲከፈት ሊፍቱ ከወለሉ ዝቅ ብሎ ስለቆመ፣ እሱ ከላይ አጎንብሶ እሷ ከታች አንጋጣ ተያዩ። ፀጉሯ ላይ የጄሶ ብናኝ ነበር። እጁን ዘረጋላት፤ ስትወጣ ግን እጁን ቶሎ አልለቀቀችም፣ ወይም እሱ አልለቀቀም። በዚህም ላይ ቃላቸው አይገጥምም።

«አንተስ ምን ትይዛለህ?» አለችው፣ ልብሷን እያራገፈች።

«ዝሆን።»

ከእግር እስከ ራሱ አየችውና «ታስታውቃለህ» አለችው።

ከሕንጻው ማዶ አንድ የስልክ ጥገና ሱቅ አለ። ባለቤቱን ሁሉም «ጋሽ ባትሪ» ይሉታል፤ ጠዋት በወሬ ተሞልቶ ይመጣና ወደ ማታ ድምፁ እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ ይጠፋል። ከሱቁ ጀርባ አግዳሚ ወንበሮችና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ቴሌቪዥን ያለበት ክፍል አለው። የሰፈሩ የ«ምሽግ» ተጫዋቾች ሥራ ሲፈቱ እዚያ ይሰበሰባሉ። ጥርስ ሠሪዋና ሊፍት ጠጋኙም እዚያ ጎን ለጎን መቀመጥ ጀመሩ።

እሷ ለጨዋታው የተፈጠረች ነች፤ በዚህ ላይ የሚከራከር የለም። ሌላው ሰው የሚወደውን ስብስብ ይዞ ለሁሉም ይጠቀምበታል። እሷ ግን ለእያንዳንዱ ባላጋራ አዲስ ትሠራ ነበር። ከየት እንደተማረችው ጠጋኙ ሲጠይቃት ወደ ሥራ ቦታዋ ወስዳ የላይና የታች መንጋጋን የሚያስመስለውን ማጠፊያ ብረት አሳየችው። ጥርስ ለብቻው አይሠራም አለችው። መጀመሪያ ከፊቱ የሚገጥመው ጥርስ ይታያል፤ የት እንደተሸረፈ፣ ወዴት እንዳዘመመ ይጠናል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሰሙ የሚቀረጸው። ብረቱን እየከፈተች እየዘጋች ስታስረዳው እሱ ብረቱን ሳይሆን ጣቶቿን ያይ ነበር። ጨርሳ ቀና ስትል አየችው። ከእናቷ ጠረጴዛ በኩል አንድ ጉሮሮ ተጠረገ።

እናትየው ስለ ጠጋኙ ያላትን አስተያየት አልደበቀችም። ቀኑን ሙሉ ከፍ ዝቅ ሲል የሚውል ሰው የት ይደርሳል ተብሎ ይታሰባል፣ ትል ነበር። ክፉ ሴት ግን አልነበረችም። ሙያዋን ለልጇ ማውረስ ትፈልጋለች፤ ዓይኗ እየደከመ ነው፤ ልጅቷ ደግሞ ዓይኗንም እጇንም ለስልክ ሰጥታለች።

ጠጋኙ የልምምድ ባላጋራዋ ሆነ። ሥራው ይህ ነበር፤ እሷ በሳምንቱ መጨረሻ ከማን ጋር እንደምትጫወት ይጠይቃል፣ ያንን ሰው ሲጫወት ቁጭ ብሎ ያያል፣ ከዚያ የሰውየውን ስብስብ ይዞ የሰውየውን ጠባይ ለብሶ ይገጥማታል። ችኩሉን ሲሆን ይቸኩላል፤ ፈሪውን ሲሆን ምሽጉ ውስጥ ይደበቃል። አንዱ ተጫዋች ሊሸነፍ ሲል ጆሮውን ያክ ነበርና ጠጋኙ ጆሮውን ሲያክ እሷ በሳቅ ፈርሳ ስልኳን ጣለችው።

በዚያ ሳቅ መካከል ድንገት እንዲህ አለችው፦ «ሁሉንም ሆነህ ገጥመኸኛል። አንተን ራስህን ግን ገጥሜህ አላውቅም።»

እሱ ሳቀ። እሷ ግን የምሯን ነበር።

ከዚያ ውድድሩ መጣ። በሌላ ከተማ ያለ አንድ የታወቀ ቡድን ከየአካባቢው አዳዲስ ተጫዋቾች ሊወስድ ነው፤ የጋሽ ባትሪ ሱቅ አሸናፊም ለአንድ ዓመት እዚያው ከተማ እየኖረ ከእነሱ ጋር ይጫወታል ተባለ። ለጥርስ ሠሪዋ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አልነበረም። ከእናቷ ጋር ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ ተስማሙ። ካሸነፈች እናትየው መርቃ ትሸኛታለች፤ ከተሸነፈች ጨዋታውን ትታ ሙሉ ቀን ሰሙ ላይ ትቀመጣለች። ቃል ገባች። ይህን ለጠጋኙ ነገረችው። አንተም ተመዝገብ ብላ የወተወተችው ራሷ ናት። ከተመዘገበ በኋላ እሷ በአንዱ በኩል፣ እሱ በሌላው በኩል ሁሉንም እየጣሉ መጡና ለፍጻሜው ፊት ለፊት ቀሩ።

ያን ሳምንት ላለመለማመድ፣ ላለመገናኘትም ተስማሙ። እንግዲህ ሁለቱ ሐሳቦች የተጓዙት በዚያ ሳምንት ነው።

የጠጋኙ ሐሳብ አጭር ነበር። እኔ የዝሆን ሰው እንደሆንኩ ታውቃለች፤ ንብ ትይዛለች። እኔም ዝሆኔን እይዛለሁ። ታሸንፈኛለች፣ ትሄዳለች፣ ሰሙ ላይ አትቀርም።

የእሷ ረጅም ነበር። እሱ ንብ እንደምይዝ ያውቃል። ስለዚህ እሳት ይዞ ይመጣል፤ የሚያከብረኝ ሰው ከዚህ ያነሰ አያደርግም። እሳትን የሚረታው ዝሆን ነው። ዝሆን መያዝ አለብኝ ማለት ነው። ዝሆንን ደግሞ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አላየችም፤ ስለዚህ ስምንቱንም ካርድ እሱ እንደሚይዘው አድርጋ ቆለፈች።

የፍጻሜው ዕለት ክፍሉ ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆሟል። ስክሪኑ ሲከፈት ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ሆነ። ስምንት ካርድ በስምንት ካርድ፣ ዝሆን ለዝሆን። ሰዉ አፏጨ። ጋሽ ባትሪ እነዚህ ልጆች የቀራቸው መጋባት ነው እንጂ መጋጠም ምን ያደርግላቸዋል ብሎ አሳቀ። ሁለቱ ግን አልሳቁም። ቀና ብለው ተያዩ፤ እሷ የመከዳት፣ እሱ የመደናገጥ ፊት ነበራቸው። ከሩቅ ሲታይ ሁለቱ ፊቶች ይመሳሰላሉ።

ጨዋታው ረዘመ። አንዱ ሲያፈርስ ሌላው ሲጠግን፣ በመጨረሻ በጣም በጠባብ ልዩነት የእሷ ምሽግ ወደቀ። ተነስታ ጨበጠችው። ለደንበኛ በሚነገር ድምፅ «እንኳን ደስ አለህ» አለችውና ሰዉን ሰንጥቃ ወጣች።

ደወለ፤ አላነሳችም። ሱቁም አልመጣችም። በሳምንቱ መሃል የሕንጻውን ሊፍት ለመመርመር ተራው ደረሰና ሄደ። ሊፍቱ ምንም አልነበረበትም። ቢሆንም ቅባቱን ቀባ፣ ገመዱን አየ፣ ያየውን ደግሞ አየ፤ ከዚያ የመሣሪያ ቦርሳውን እንደያዘ በራቸውን አንኳኳ። የከፈተችው እናትየው ናት።

«አንተ ነህ» አለችው። «ልጄን እስከ ላይ አድርሰህ አወረድካት፤ ደግሞ ምን ቀረህ?»

እትዬ፣ ትንሽ ላናግራት ብሎ ለመነ። እናትየው ለአፍታ አየችው። ሐኪም ቤት የምታደርሰው ጥርስ ነበራት፤ የማትቸኩልበትን ነገር እንደሚቸኮልበት አድርጋ ነጠላዋን አነሳችና ሰሙ ሳይደርቅ ጨርሱ ብላ ወጣች።

ልጅቷ አልተነሳችም። በትንሿ ቢላ የሰም ጥርስ ጫፍ እየጠረበች ነበር። ጠጋኙ ቆሞ ጠበቀ። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን የጄሶ መንጋጋዎች አንጣቸዋል፤ ሁሉም አፋቸውን ከፍተው የሚያዳምጡ ይመስላሉ።

«እሳት ለምን አልያዝክም?» አለችው፣ ቀና ሳትል።

«ንብ ትይዣለሽ ብዬ።»

«ንብ እንደምይዝ ካወቅክ እሳት ነዋ የሚያዘው።»

«ለማሸነፍ ከሆነ።»

ቢላው ቆመ።

«ልትለቅልኝ ነበር የመጣኸው።»

«አዎ።»

ይህን ሲናገር እፎይ አለ። አታላይ አለመሆኑን ካወቀች ነገሩ የሚበርድ መስሎት ነበር። እሷ ግን ቢላውን አስቀመጠች፣ እጇን በጨርቅ ጠረገች፣ ጨርቁን አጣጠፈች። ቀና ስትል ፊቷ ከቅድሙ ይልቅ የተዘጋ ነበር።

«ሳምንቱን ሙሉ፣ ዝሆን እንደምይዝ ገምቶ በገዛ ካርዱ ጠበቀኝ፣ አታለለኝ እያልኩ ስናደድ ነበር» አለችው ቀስ ብላ። «ያ ይሻል ነበር። የሚያታልልህ ሰው ቢያንስ ፈርቶሃል። አንተ አዘንክልኝ።»

ለእናትሽ የገባሽውን ቃል እያወቅኩ፣ ብሎ ጀመረ።

«ያንን የነገርኩህ እንድታዝንልኝ አይደለም።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «የሌላ ሰው እየሆንክ ገጥመኸኛል፤ ያን ቀን አንተ ራስህ ትመጣለህ ብዬ ነበር። እንዲያ ስጠብቅህ ከርሜ፣ አልመጣህም።»

ቦርሳውን ከአንድ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ። ሊናገር የሚያፍርበት አንድ ነገር ነበረው፤ እስከዚያ ድረስም የያዘው ለእሱ ክብር የሚያመጣ ነገር ስላልሆነ ነው።

«መጥቻለሁ» አላት።

«መቼ?»

«በመሃል። ከበሮ መቺውን ብቻውን የላክሽው ጊዜ።»

ከበሮ መቺ ለዝሆን ጉልበትና ፍጥነት የሚጨምር ካርድ ነው፤ ሁልጊዜ ከዝሆኑ ኋላ ይከተላል። ፊት አስቀድሞ፣ ያለ ዝሆን የሚልከው ሰው የለም። እሷ ግን በፍጻሜው ላይ እንደ ንብ አድርጋ ብቻውን ሰደደችው።

«እነዚያን ካርዶች ስንት ዘመን ይዣቸዋለሁ» አላት። «እንደዚያ እንደሚሆኑ አላውቅም ነበር። በራሴ ካርድ የማላውቀውን ነገር ሠራሽብኝ። ያኔ ረሳሁት።»

«ምኑን?»

«ልሸነፍ መምጣቴን። ቃልሽንም፣ እናትሽንም፣ ሁሉንም ረሳሁ። ማሸነፍ ብቻ ፈለግኩ። ከዚያ ወዲህ ያየሽው እኔ ነኝ።»

ከታች ሊፍቱ ሲነሳ ተሰማ፤ ወጣ፣ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ።

«በግራ በኩል የላክሁትን ነው የምትለው?» አለችው በመጨረሻ።

«የግራውን።»

«በምሽጉ ቀኝ በኩል ብልከው ይሻል ነበር አይደል?»

«ይሻል ነበር። በቀኝ ቢሆን አልመልሰውም ነበር።»

«ፈርተሃል ማለት ነው።»

«በላብ ስልኩ ከእጄ አሟለጨኝ።»

ሳቀች ማለት አይቻልም። ግን ከጎኗ ያለውን ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችለት። ተቀመጠ። ሰሙ እስኪደርቅ ድረስ ያን ጨዋታ ከጀመረበት እስከ ወደቀበት ድረስ እየቆራረጡ ተነጋገሩበት፤ እዚህ ላይ ለምን ተከላከልክ፣ እዚያ ላይ ምን ጠበቅሽ እየተባባሉ። ከጄሶዎቹ ሁለቱን እንደ ምሽግ ፊት ለፊት አቆሟቸው። እጁ እጇን ሲነካ አላነሳችውም፤ እሱም እንዳላወቀ ሆነ።

ሊሄድ ሲል፣ ቅዳሜ ጋሽ ባትሪ ዘንድ ሄዶ ቦታውን ለሁለተኛዋ፣ ለእሷ፣ እንዲሰጥ እንደሚያደርግ ነገራት። ፊቷ መልሶ ሊዘጋ ሲል አየው።

«ትተህልኝ ከመጣህ በሩን አልከፍትልህም» አለችው። «ሂድ፣ ቅር፣ የራስህ ጉዳይ ነው። በእኔ ግን አታሳብብ።»

ያልነገረችው ነገር ነበር። የፍጻሜው ቪዲዮ ከእጅ ወደ እጅ ሄዶ፣ የታወቀው ቡድን ባለበት በዚያው ከተማ ውስጥ ያለ ተፎካካሪ ቡድን ጋር ደርሷል። ከበሮ መቺውን ብቻውን የላከችው ልጅ ማን ናት ብለው ጠይቀዋል፤ ብትመጣ እንደሚወስዷት ጽፈውላታል። አልመለሰችላቸውም። አንደኛ፣ ተሸንፋለች፤ ለእናቷም ቃል ገብታለች። ሁለተኛ፣ ጠጋኙ ወደ አንደኛው፣ እሷ ወደ ሌላኛው ከሄዱ በቡድኖቹ ደንብ አብረው መለማመድ ቀርቶ ካርዳቸውን እንኳ መተያየት አይፈቀድላቸውም። ጎን ለጎን መቀመጡ ያበቃል ማለት ነው።

ጠጋኙም የቀሩትን ቀናት ሥራው ላይ ሆኖ አሰበ። ሰው ምን ይወዳል፣ ሰው ምን ይፈራል የሚለውን ሲያጠና ኖሯል፤ እሱ ራሱ ምን እንደሚፈልግ የጠየቀው ግን አልነበረም። ሊፍቶቹን ይወዳቸዋል። ነገር ግን የዚያ ጨዋታ ሁለተኛ አጋማሽ ከአእምሮው አልወጣ አለ። እንደዚያ ሆኖ መኖር እንደሚፈልግ ለራሱ ማመን ከበደው፤ ከዚያ ቀለለው።

ቅዳሜ ከምሳ በፊት ሱቁ እንደ ፍጻሜው ዕለት ሞላ። ጋሽ ባትሪ ገና ጠዋት ስለነበር ድምፁ ሙሉ ነው። ጥርስ ሠሪዋ ከኋላ ቆማለች፤ አጠገቧ እናቷ አለች፤ ልጄን የወሰደብኝን ቤት ዛሬ ዓይቼው ልገላገል ብላ ነው የመጣችው። ጋሽ ባትሪ ለቡድኑ ዛሬ መልስ መስጠት እንዳለበት ካስረዳ በኋላ አሸናፊውን ምን ወሰንክ ብሎ ጠየቀው።

ጠጋኙ ወደ እሷ አላየም። ለማየት ፈልጎ አንገቱን በግድ እንደያዘ ያስታውቅ ነበር።

እንደሚሄድ ተናገረ። መጀመሪያ ለመሄድ አስቦ እንዳልነበር፣ አሁን ግን ማንም ሳይገፋው መሄድ እንደፈለገ፣ ለአለቃውም መልቀቂያ እንዳስገባ ጨመረ። ሰዉ አጨበጨበ። ጋሽ ባትሪ እቅፍ አድርጎት ካበቃ በኋላ በሱቁ ያለው ሰው ሁሉ የሚጠብቀውን ጥያቄ ሳይጠይቅ ማለፍ አልቻለምና፣ ታዲያ ይቺን ልጅ ለማን ጥለህ ነው ብሎ ጮኸ።

እናትየው የልጇን ክንድ ይዛ በይ እንግዲህ እንሂድ፣ ምድጃው ይጠብቀናል አለቻት። ልጅቷ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ጠጋኙን አየችው። እሱም አሁን አያት፤ ፊቱ ላይ ይቅርታም ልመናም አልነበረም። በሱቁ ውስጥ በነበሩባቸው ወራት ሁሉ እንዲህ ያለ ፊት አሳይቷት አያውቅም። ስልኳን ከኪሷ አወጣች፣ አንድ ነገር ጽፋ ላከች፣ መልሳ ከተተችው። ከዚያ የእናቷን እጅ ከክንዷ ላይ አውርዳ በሁለት እጇ ያዘችው።

«እማዬ፣ የገባሁልሽን ቃል ላፈርስ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች፣ ከኋላ ያሉት ሁሉ በሚሰሙት ድምፅ። «ሌላኛው ቡድን ጠርቶኛል፤ እመጣለሁ ብያቸዋለሁ፣ አሁን ነው የላክሁት። እዚያ እሱን ስገጥመው አልምረውም፣ እሱም እንዳይምረኝ። ከጨዋታው ስንወጣ ግን አብሬው ነው የምኖረው።»